የእትዬ ሶልያና አሟሟት ከዋናው ምንጭ ሲነበብ

እትዬ ሶልያና ብርሃኑ ማረፋቸውን የሰሙት ታኅሣሥ 4 ቀን 2092 ዓ.ም.፣ ሰኞ ጠዋት ነው። ያረዳቸው የዓይን ሕክምናው በር ነበር።

በሩ ጨዋ ነው። ፊታቸውን አየ፣ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ነፍስ ይማር» አለ። እትዬ ሶልያና ለሌላ ሰው የተባለ መስሏቸው ወደ ኋላ ዞሩ። ከኋላቸው ከደብረ ብርሃን ብርድ በቀር ማንም አልነበረም።

«ማን ሞቶ ነው?» አሉ።

«ሶልያና ብርሃኑ። የስድሳ ሰባት ዓመት እናት። የዓርቡ የዓይን ቀዶ ሕክምና ቀጠሯቸው በሕይወት ላለ ታካሚ ይተላለፋል። መጽናናቱን ይስጥዎ።»

«ሶልያና ብርሃኑ እኮ እኔ ነኝ!»

በሩ አሰበ። «ሐዘን እንዲህ ያደርጋል» አለና ተዘጋ።

ዓርብ ማለት ለእትዬ ሶልያና ሦስት ዓመት የተጠበቀች ቀን ናት። በሁለቱም ዓይናቸው ላይ ሞራ ወርዶባቸዋል። ሰው የሚለዩት በአረማመዱና በድምፁ ነው፤ ባለፈው ክረምት የደጃፋቸውን ግንድ ጎረቤት መስሏቸው «ደኅና አደርክ ወይ» ብለው፣ መልስ ስላልሰጣቸው ለሁለት ቀን አኩርፈውት ነበር። ይህቺ ዓርብ ካለፈች የሚቀጥለው ክፍት ቀን በ2095 ነው። ሐኪሙ ደግሞ፣ እስከዚያ ብርሃንና ጨለማን ከለዩ እግዜርን ያመስግኑ ብሏቸዋል።

ስለዚህ ከበሩ ጋር መጨቃጨቁን ትተው ወደ ትውስታ አገልግሎት ሄዱ። የሞተ ሰው የሚላከው እዚያ ነው። የተወለደም፣ ያገባም፣ የወረሰም እንዲሁ።

የአገሪቱ ወረቀት በመጭመቂያ ማሽን መጨመቅ ከጀመረ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው ይባላል። ዛሬ ወረቀት የሚያነብ የለም፤ ሰው የሚጠይቀው ጭማቂ ነው። የልደት ጭማቂ አለ፣ የውርስ ጭማቂ አለ፣ የፍርድ ቤት ጭማቂ አለ። አራት ሺህ ገጽ የፈጀ የወሰን ክርክር በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጠቅልሎ ይሰጣል፤ ዓረፍተ ነገሩም ብዙ ጊዜ «በመጨረሻ ተስማምተዋል» የሚል ነው። ተከራካሪዎቹ እዚያው መስኮቱ ሥር ሲደባደቡ ታይቷል፤ ጭማቂው ግን አልተለወጠም።

በስድስተኛው መስኮት ይመናሹ ተቀምጣለች። ዕድሜዋ ሃያ ስምንት ነው። የእሷ እኩዮች ይመናሹ፣ አስካለ፣ ጥሩወርቅ ይባላሉ፤ ሶልያናና ኤልናታን የአሮጊትና የሽማግሌ ስም ከሆነ ቆይቷል።

«ሶልያና ብርሃኑ» ብላ ይመናሹ አነበበች። «ሰባት ጊዜ ዐርፈዋል። የመጀመሪያው በ2059፣ የመጨረሻው በ2084። ምንጩ የጠባሴ ሰፈር እድር የድንኳን መዝገብ ነው። ባለፈው ሳምንት ነው የተጨመቀው። አስተማማኝነቱ ዘጠና ስምንት ከመቶ።»

«ስንቴ አልሽ?»

«ሰባቴ። አንዱም ይበቃ ነበር፣ እትዬ።»

«አንቺ ልጅ፣ ሰባት ጊዜ የሞተ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«እኔ አላይም። አነባለሁ እንጂ።»

እትዬ ሶልያና የመስኮቱን ጠርዝ ያዙ። ነገሩ የገባቸው ያን ጊዜ ነው፤ የገባቸውም ንዴቱን አስቀድሞ ነው። የጠባሴን እድር የድንኳን መዝገብ ሠላሳ ዓመት የጻፉት ራሳቸው ናቸው።

«ስሚኝ» አሉ። «ድንኳን ለሞተ ሰው አይሰጥም። የሞተ ሰው ድንኳን ምን ይሠራለታል? ድንኳን የሚወጣው በቤቱ ባለቤት ስም ነው። እናቴ ስትሞት ድንኳኑ በእኔ ስም ወጣ። ባሌ ሲሞት በእኔ ስም ወጣ። ገባሽ? የተመዘገብነው እኛ ሐዘንተኞቹ ነን!»

«ጭማቂው ግን…»

«ደግሞ ከሰባቱ ሁለቱ ሠርግ ናቸው! ልጄን የዳርኩ ዕለት ነው እንዴ የገደላችሁኝ?»

ይመናሹ ጭማቂውን እንደገና አየችው። «ሠርግ የሚል የለውም» አለች፣ እውነት አዝና።

«መዝገቡን አውጪና እዪዋ!»

በወረፋው ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። ይመናሹ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቃኝታ አንገቷን አሰገገች። «ዋናውን?» አለች በሹክሹክታ። «እትዬ፣ ዋናውን ማየት የሚችል ተመራማሪ ብቻ ነው። ተመራማሪ ለመሆን ደግሞ የመግቢያ ሥልጠናውን መውሰድ ያስፈልጋል። ሦስት ግማሽ ቀን ነው። ዛሬ ከሰዓት ይጀምራል።»

«መዝግቢኛ።»

«እንዴት አድርጌ? ዐርፈዋል እኮ።»

እትዬ ሶልያና ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ አሥር ቆጠሩ። ሲገልጡት ያው ጭጋግ ነው። ይመናሹ ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ቅጹን ከላይ ወደ ታች አገላብጣ አንድ ቀዳዳ አገኘች። መታወቂያ የሌለው ጎብኚ፣ ስሙ ሳይጠየቅ፣ የጥናት ርእስ ካቀረበ ይሠለጥናል ይላል። ርእሱ ላይ «የሶልያና ብርሃኑ አሟሟት» ብላ ሞላች።

«ከሟች ጋር ያለዎት ቅርበት?»

«አብረን ነው ያደግነው» አሉ እትዬ ሶልያና።

«ቅርበቱ ሚዛናዊነትዎን አይነካውም?»

«እኔና እሷ ከዛሬ ጠዋት ወዲህ ብዙም አንግባባም።»

ይመናሹ «አይነካውም» የሚለውን ነካች።

ሥልጠናው «ዋና ምንጮችን ለምርምር ስለ መጠቀም፦ መግቢያ» ይባላል። የሚሰጠው በምድር ቤት፣ ማሞቂያ ባለው ክፍል ነው። አሠልጣኙ አቶ በልሁ ይባላል፤ አርባ ዓመት ያልሞላው፣ ሸሚዙ እስከ አንገቱ የተቆለፈ ሰው። ግድግዳው ላይ ሦስት ትእዛዝ ተለጥፏል፦ አትንካ፣ አትተንፍስ፣ አትገምት።

ከእትዬ ሶልያና ሌላ ያለው ሠልጣኝ አንድ ብቻ ነው። ገና ከበሩ ላይ በሳሉ አወቁት።

«ኤልናታን?»

«ሶሊ! አንቺም መጣሽ?»

ጋሽ ኤልናታን የጠባሴ እድር ድንኳን ተካይ የነበሩ ናቸው። መዶሻቸውን ከሰቀሉ አሥር ዓመት ሆኗቸዋል። ሥልጠናውን ሲወስዱ ይህ ዐሥራ አንደኛቸው ነው። ሁልጊዜ ፈተናው ላይ ሆን ብለው ይወድቃሉ፤ የወደቀ ሰው እንደገና ይማራል፣ እንደገና የተማረ ሰው እንደገና ይሞቃል። «ከኅዳር እስከ ጥር እዚህ ነኝ» አሉ እጃቸውን ወደ ማሞቂያው እየዘረጉ። «የሚያስተምረውን ነገር በቃሌ ይዤዋለሁ። አንድም ቁም ነገር የለበትም።»

እትዬ ሶልያና የመጡበትን ሲነግሯቸው ጋሽ ኤልናታን ከወንበራቸው ተነሡ። «አንተ ልጅ!» አሉ አቶ በልሁን። «ይቺ ሴት አልሞተችም። የእናቷን ድንኳን የተከልኩት እኔ ነኝ። ካስማውን በዚህ እጄ ነው የመታሁት። ምስክር ከፈለግህ ይኸው!»

አቶ በልሁ በትሕትና ሰማቸው። «ጋሼ፣ አዝናለሁ። እርስዎ ሰነድ አይደሉም።»

«ምን?»

«ሰው ይረሳል፣ ይጨምራል፣ ይወዳል፣ ይጠላል። ሰነድ ግን እንደዚያ አይደለም። ይህን በሁለተኛው ግማሽ ቀን እንደርስበታለን።»

«ዐሥር ጊዜ ደርሰንበታል!»

«እስቲ እኔስ በሕይወት አለሁ ወይ?» ብለው ጋሽ ኤልናታን ጠየቁ በመጨረሻ። አቶ በልሁ አየላቸው። ሁለት ጊዜ ሞተዋል። ግማሹ ጠባሴ ሞቷል፤ ቀጠሮ ስለሌለው ነው ገና ያላወቀው። ጋሽ ኤልናታን ጥቂት አሰቡና ተመልሰው ተቀመጡ። የሞተ ሰው ከማሞቂያ አይባረርም፣ ሲሉ ተጽናኑ።

በሦስቱ ግማሽ ቀናት ውስጥ እትዬ ሶልያና ብዙ ነገር ተማሩ። ሰነድ ፊት እንዴት እንደሚቆሙ ተማሩ። በጥጥ ጓንት አየር መንካትን ተለማመዱ። ስለ ቀለም፣ ስለ ብል፣ ስለ እርጥበት ሰሙ። ማክሰኞ ከሰዓት አቶ በልሁ «ዋና ምንጭ ማለት ከሁሉም በላይ የሚከበር ነው፤ ስለዚህም አይነበብም» ሲል፣ እትዬ ሶልያና እጃቸውን አወጡ።

«አንተስ አይተህ ታውቃለህ?»

«ምን?»

«ዋና ሰነድ።»

አቶ በልሁ የላይኛውን ቁልፉን ነካ ነካ አደረገ። «የሥልጠናው መመሪያ ላይ ሥዕል አለ» አለ። «መመሪያውንም ቢሆን እኔ የያዝኩት ጭማቂውን ነው።»

ረቡዕ ፈተና ሆነ። ጥያቄው በጆሮ ነው የሚጠየቀው። ጋሽ ኤልናታን ቀድመው «ዘጠነኛዋ ላይ ተጠንቀቂ፣ ሰው የሚወድቅባት እሷ ናት» ብለው መክረዋቸዋል። ዘጠነኛዋ እንዲህ ትላለች፦ ዋናው ሰነድ ከጭማቂው ጋር ሳይስማማ ቢገኝ የቱ ይታረማል?

«ጭማቂው ነዋ!» አሉ እትዬ ሶልያና።

«ሐ በይ፣ ሐ!» አሉ ጋሽ ኤልናታን ከጎን። «ሰነዱ ይታረማል በይ!»

«ምን ሲባል? ልጄ፣ ሰነዱ እኮ እናት ነው። ጭማቂው ከሱ ነው የወጣው። ልጅ እናቱን ሲወልድ የት ታየ?»

አቶ በልሁ አልተቆጣም። አለመቆጣቱ ነበር ይበልጥ የሚያቃጥላቸው። «እትዬ፣ ነገሩን በእርጋታ እንየው» አለ። «ጭማቂውን ሐኪም ቤቱ ያነበዋል፣ ፍርድ ቤቱ ያነበዋል፣ በር ሁሉ ያነበዋል። ሰነዱን ማን ያነበዋል? ማንም። ስሕተት የግድ መኖር ካለበት ማንም የማያየው ቦታ ላይ ቢኖር አይሻልም?»

እትዬ ሶልያና ዓርብን አሰቡ። ሁለት ዓይናቸውን አሰቡ። ከዚያ እንደ መራራ መድኃኒት ዋጥ አድርገው «ሐ» አሉ።

«አልፈዋል» አለ አቶ በልሁ። ጋሽ ኤልናታን ደግሞ ዘጠነኛዋ ላይ «ሀ» ብለው ወደቁ፤ በሕይወታቸው እንደዚያ ቀን እውነት ተናግረው አያውቁም።

ሐሙስ ጠዋት የንባብ ክፍሉ ተከፈተ። ለመክፈት አርባ ደቂቃ ፈጀ፤ የቁልፉን ቦታ የሚያውቁት ሰውዬ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ክፍሉ በመስታወት የታጠረ ነው። ጋሽ ኤልናታን ስላላለፉ ከመስታወቱ ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ በአነስተኛዋ መስኮት በኩል ግን እንደ ልባቸው ይሰማሉ፣ ይናገራሉ። ውስጥ አቶ በልሁ፣ ይመናሹና እትዬ ሶልያና አፋቸውን ተሸፍነው ቆሙ።

ሣጥኑ መጣ። በውስጡ ሰማያዊ ጠንካራ ሽፋን ያለው መዝገብ፣ በሲባጎ የታሰረ። እትዬ ሶልያና እጃቸውን ሰደዱ።

«አትንካ!» አለ አቶ በልሁ።

«ይህን ቋጠሮ እኮ የቋጠርኩት እኔ ነኝ። ሳትፈቱት ነው ያነበባችሁኝ?»

«መጭመቂያው መጽሐፍ አይገልጥም፤ ተዘግቶ ነው የሚያነበው። ለነገሩ…» አቶ በልሁ መዝገቡን በዙሪያው ዞረው። «ይከፈታል እንዴ?»

ይመናሹ፣ እትዬ ሶልያና እንደነገሯት፣ ሲባጎውን በመጀመሪያ ወደ ግራ ከዚያ ወደ ላይ ሳብ አድርጋ ፈታችው። ሽፋኑ ሲገለጥ ሁለቱ የትውስታ አገልግሎት ሠራተኞች አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

እትዬ ሶልያና ገጹን እስከ አፍንጫቸው አስጠጉት። ግራጫ ነው። ትንሽ ራቅ አደረጉት። ሌላ ግራጫ ነው። ሠላሳ ዓመት የጻፉት እጅ ጽሑፍ እንደ ተደፋ አሻሮ ታያቸው።

«አንብቢልኝ» አሉ ይመናሹን።

ይመናሹ ጎንበስ አለች። ቆየች። «እትዬ፣ ይህ ፊደል አይደለም።»

«እንዴት ፊደል አይደለም?»

«ተጠማዟል። ተያይዟል። እኔ የማውቀው ፊደል ቀጥ ብሎ ነው የሚቆመው።»

«እግዚኦ!» አሉ እትዬ ሶልያና። «የምታየው ማንበብ አትችልም፣ የምታነበው ማየት አትችልም። ከዚህ መሥሪያ ቤት ጋር ማን አጋባኝ!»

«ቅርጹን ንገሪያት!» ብለው ጋሽ ኤልናታን ከመስታወቱ ወዲያ ለይመናሹ ጮኹ። «ቅርጹን ንገሪያትና እሷ ትጥራልሽ!»

ይመናሹ ጣቷን ከገጹ በላይ፣ ሳትነካ፣ ከመጀመሪያው መስመር መጨረሻ ላይ አደረገች። «ሁለት እግር አላት» አለች። «በቀኝ እግሯ ቀለበት አጥልቃለች።»

«ቤ ናት።»

«ከሷ ቀጥሎ መስቀል አለ። ጎኑ ላይ ጎበጥ ያለ።»

«ት። ቤት። እሺ፣ ከፊቱ ያለውን አምጪ። የማን ቤት ይላል?»

«የመጀመሪያዋ ጫፏ የሾለ ድንኳን ትመስላለች፤ ግን በአንድ እግሯ ነው የቆመችው።»

«ሶ» አሉ። «እሷ እኔ ነኝ።»

እንዲህ፣ ፊደል በፊደል፣ የመጀመሪያው ሞታቸው ተነበበ። ጥር 12 ቀን 2059። አንድ ድንኳን፣ ሃያ አግዳሚ፣ ሦስት ትልልቅ ድስት። ሶልያና ቤት።

«እናቴ ናት» አሉ።

ይመናሹ ቀና አለች። «ታዲያ ለምን እናቴ ብለው አልጻፉትም? አንድ ቃል እኮ ነበር። አንድ ቃል ቢኖር ዛሬ…»

«ማን ያላወቀ አለና ነው የምጽፈው? ሰፈሩ በሙሉ ነው የቀበራት። ሬሳውን የተሸከሙት፣ ውሃ የቀዱት፣ ድንኳኑን የተከለው እሱ እዚያ ውጭ የሚያስለው፣ ሁሉም ያውቁ ነበር። እኔ የምጽፈው የሚረሳውን ነው፤ አግዳሚው ሃያ ነበር ወይስ ዐሥራ ዘጠኝ? ይህን ነው ሰው የሚረሳው። እናቴ መሞቷን ማን ይረሳል?»

አቶ በልሁ በመመሪያው ጭማቂ ውስጥ ለዚህ የሚሆን ነገር ፈለገ፤ አላገኘም። መዝገብ የሚተወው ሁሉም የሚያውቀውን እንደሆነ በሦስቱ ግማሽ ቀናት ማንም አላነሣውም።

«ቆይ» አለች ይመናሹ። ድምፅዋ ተለወጠ። ሳታውቀው ጣቷ ወረቀቱን ነክቷል። «በዚህ በቀኝ በኩል ሌላ አምድ አለ። ጥር… ዐሥራ አምስት። ቀጥሎ መስቀል አለ፣ በ‹ቤት› መጨረሻ የነበረውን የሚመስል።»

«ተ። ተመለሰ ነው የሚለው። ሌላስ?»

«አንድ… ካስማ… ጎደለ። ያ… ስ… ረከበች።» ይመናሹ ያቺን ጫፏ የሾለ፣ በአንድ እግሯ የቆመች ድንኳን አየቻት። የማንንም እርዳታ ሳትጠይቅ አነበበቻት። «ሶልያና ብርሃኑ። ፊርማ አለው።»

«አያችሁ!» እትዬ ሶልያና ጠረጴዛውን መቱት። «ጥር 12 ሞቼ ጥር 15 ካስማ ቆጥሬ አስረከብኩ? ሰባቱንም እዩዋቸው! ሰባት ጊዜ ሞቼ ሰባት ጊዜ ድንኳን መልሻለሁ? በጠባሴ ታሪክ በሰዓቱ ድንኳን የመለሰ በሕይወት ያለ ሰው እንኳ የለም!»

«እውነቷን ነው!» አሉ ጋሽ ኤልናታን ከውጭ። «እኔ ራሴ አንዱን ሳምንት አቆይቼዋለሁ!»

ሰባቱን አነበቡ። ሰባቱም ላይ የመመለሻው ፊርማ አለ። አቶ በልሁ ፊቱ በራ፤ እትዬ ሶልያና አላዩትም እንጂ በድምፁ ለዩት። «አለመስማማት ተገኝቷል» አለ። «በአገልግሎቱ ታሪክ የመጀመሪያው ነው። እንኳን ደስ ያለዎት፣ ተመራማሪ ሶልያና።»

«ተመስገን። እንግዲህ ጭማቂውን አርሙና ልሂድ።»

«ሰነዱ ይታረማል» አለ አቶ በልሁ። «ሐ ብለዋል እኮ።»

ከመስታወቱ ወዲያ የጋሽ ኤልናታን ሳል እንኳ ቆመ።

የመመለሻው ፊርማ ሰባት ቦታ ይሰረዛል፤ ያኔ ሰነዱና ጭማቂው ይስማማሉ፤ የተስማማ ሰነድ እንደገና ይጨመቃል፤ አሠራሩ ይኸው ነው። አቶ በልሁ ይህን ሲያስረዳ አንዳች ክፋት በድምፁ አልነበረም። ችግሩ የመጣው ብዕሩ ከመስታወት ሣጥኑ ሲወጣ ነው። በትውስታ አገልግሎት በእጁ የሚጽፍ ሰው የለም። አቶ በልሁ ብዕሩን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ያዘው። ይመናሹን አየ፣ ይመናሹ ራሷን ነቀነቀች። በመጨረሻ፣ እያፈረ፣ «ተመራማሪ ሶልያና፣ እርስዎ… የእጅ ጽሕፈት ይችላሉ?» አለ።

እትዬ ሶልያና ብዕሩን ተቀበሉ።

ሠላሳ ዓመት ሲጽፉ አንዲት መስመር ደልዘው አያውቁም። ተሳስተው ከሆነ ከጎኑ ይጽፋሉ፣ ቀኑን ያኖራሉ፣ ይፈርማሉ። አንድ ጊዜ የእድሩ ዳኛ ራሳቸው፣ የገዛ ወንድማቸው ያጠፋው ድስት ከመዝገብ እንዲፋቅላቸው በአማላጅ ጠይቀው፣ እትዬ ሶልያና ሁለት ዓመት ሙሉ አላናገሯቸውም። አሁን ደግሞ ራሳቸውን ከመዝገቡ እንዲፍቁ ተሰጣቸው፤ ካልፋቁም ዓይናቸው ይጠፋል፣ ቢፍቁም ዐርፈዋል። የቱንም ቢያደርጉ ለዚህ መሥሪያ ቤት ትክክል ነው። ይህን ያህል የሚያሰለች ነገር ከተፈጠሩ ገጥሟቸው አያውቅም።

«መስመሩን አሳዪኝ» አሉ ይመናሹን።

ይመናሹ እጃቸውን ይዛ ከገጹ ኅዳግ ላይ አኖረችው። ዓይናቸው ባያይም እጃቸው የመዝገቡን መስመር ያውቀዋል። መጻፍ ጀመሩ። አልሰረዙም። ከመጀመሪያው ጎን፣ ለእናቴ ለቅሶ የወጣ፣ ብለው ጻፉ። ከሁለተኛው ጎን፣ ለባለቤቴ። ለሴት ልጄ ሠርግ። ለታላቅ ወንድሜ። እዚያ ላይ ብዕሩ ጥቂት ቆመ፤ የወንድማቸው ሞት እስከዛሬ የትም ተጽፎ እንደማያውቅ ያን ጊዜ ትዝ አላቸው። ለባለቤቴ እናት። ለወንዱ ልጄ ሠርግ። ለአክስቴ። ከታች በኩል፣ እኔ የመዝገቡ ጸሐፊ እስከ ዛሬ በሕይወት አለሁ፤ ታኅሣሥ 7 ቀን 2092 ዓ.ም. የተጨመረ፤ ሶልያና ብርሃኑ፣ ብለው ፈረሙ።

«ጨርሰዋል?»

«ጨርሻለሁ። አንብበው።»

አቶ በልሁ ጎንበስ ብሎ በአክብሮት ለግማሽ ደቂቃ ያህል ተመለከተው። «በጣም ጥሩ» አለ። ከዚያ ወደ ይመናሹ ዞረ። «ታርሟል?»

ይመናሹ በገጹ ላይ አጎንብሳለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። እትዬ ሶልያና ከመሸፈኛው በታች የምትንሾካሾከውን ሰሟት፤ ለ… እ… ና… ቴ። ለእናቴ። ጣቷ ወደ ታች ወረደች፣ ቀኑ ላይ ደረሰች፣ «በሕይወት» የሚለው ላይ ቆመች።

ክፍሉ ውስጥ የሰው እስትንፋስ አልነበረም። ትእዛዙም ይኸው ነው።

«ታርሟል» አለች ይመናሹ።

መዝገቡ ተዘግቶ ወደ መጭመቂያው ገባ። ጭማቂው ለመውጣት ብዙም አልቆየም። ይመናሹ ከገበታዋ ላይ፣ ድምፅዋን እያስተካከለች፣ አነበበችው፦

«ሶልያና ብርሃኑ። አምስት ጊዜ አዝነዋል፣ ሁለት ጊዜ ድረዋል። ሰባት ጊዜ ዐርፈዋል የሚል ቀደም ያለ ጭማቂ አለ። በሕይወት ስለ መኖራቸው የተገኘው ማስረጃ የራሳቸው ቃል ብቻ ነው። የመኖራቸው አስተማማኝነት ሃምሳ አንድ ከመቶ።»

«ሃምሳ አንድ!» ጋሽ ኤልናታን በመስኮቷ በኩል ግማሽ ሰውነታቸውን አስገቡ። «ኖራለች ማለት ነው! ከግማሽ አልፋለች!»

«ዓርቡስ?» አሉ እትዬ ሶልያና። ብዕሩ አሁንም እጃቸው ላይ ነው። «ዓርቡን ንገሪኝ።»

ይመናሹ ወደ ዓይን ሕክምናው ላከች። መልሱ ወዲያው መጣ። አነበበችው፤ ጮክ ብላ ግን አላነበበችም። ደግማ አነበበችው።

«ምን ይላል?»

«ቀጠሮው ተመልሷል ይላል፣ እትዬ። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ።» ወደ ቀጣዩ መስመር ወረደች። «ሕክምናው የሚሰጠው በአስተማማኝነታቸው ልክ ነው ይላል። አንድ ዓይን ተፈቅዷል።»

አቶ በልሁ ጓንቱን ማውለቅ ጀምሮ ተወው።

«ይግባኝ አለ» አለች ይመናሹ ቶሎ ብላ። «ሌላ ምንጭ ካገኘን ከፍ ይላል። የሰንበቴ መዝገብ፣ የማኅበር መዝገብ… እኔ አነብልዎታለሁ። አሁን እኮ እችላለሁ። ለዛሬው ግን ቅጹ እየጠበቀ ነው፤ ቀኝ ወይስ ግራ ይላል።»

እትዬ ሶልያና ብዕሩን ከመዝገቡ ጎን አጋደሙት፣ ነጠላቸውን ከትከሻቸው ላይ አስተካከሉ፣ ተነሡ።

«ቀኙን በዪልኝ። ለማንበብ አንዱ ይበቃኛል» አሉ። «ሌላው ይህን መሥሪያ ቤት ሳያይ ይቅር።»